ጉቦ የበላው ኢንስፔክተር

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ከልብ ወለዱ ውጭ የሞተም የታሰረም የለም።

ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ የወንጀል ልብ ወለድ መጻፍ ጀመርኩ። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ በምንኖርበት ሕንፃ ያሉ ሐበሾች የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንድ ምዕራፍ እልክላቸው ነበር። እዚህ ያደጉት ልጆች ፊደል ስለማያነቡ የምልከው በድምፄ እያነበብኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጉቦ የለመደ፣ ሥራው የሰለቸው ኢንስፔክተር ነበር። አነጋገሩን ከጎረቤታችን ወሰድኩ። ጎረቤታችን አውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ፣ ኢምባካሲ በዕቃ መጋዘን ይሠራሉ፤ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ» ብለው ትንሽ ዝም ይላሉ።

ሕንፃው ሁሉ ከአነጋገሩ ወዲያው አወቃቸው። ከማታቱ ወርደው ሲመጡ ከታች የምትኖረው ሴትዮ፣ «ኢንስፔክተር፣ ዛሬስ ማንን አስረው መጡ?» ትላቸዋለች።

«አከራያችንን» ይላሉ፣ ሳይስቁ።

መጨረሻውን አስቀድሜ ወስኜ ነበር። ኢንስፔክተሩ ግድያ ያየች አንዲት ትንሽ ልጅ አውቶቡስ ማቆሚያ ይዟት ይመጣል፤ ከገዳዮቹ ገንዘብ ይቀበላል፤ እሷን እዚያው ትቶ ወደ ሞምባሳ ይሳፈራል። የሥነ ጽሑፍ አስተማሪያችን እንዲህ ያለ ታሪክ አንባቢን ማጽናናት የለበትም ስላለን በጣም ተማምኜበት ነበር።

የመጨረሻው ምዕራፍ ከመላኩ በፊት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። አዲስ አበባ ትተዋት የመጡ ልጅ እንዳለቻቸው ያን ጊዜ ሰማሁ። ሲለይዋት ሕፃን ነበረች፤ አሁን ወረቀቷ አልቆ ልትመጣ ነው። አንድ ዘመድ የድምፅ ቅጂዎቼን ልኮላት ሁሉንም ሰምታለች። ኢንስፔክተሩ እሳቸው እንደሆኑም ጠይቃቸዋለች። ምን ብለው እንደመለሱላት ስጠይቃቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ… ጉቦውን ይብላ፣ ግድ የለም። ልጅቷን ግን ጥሏት አይሂድ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ማታ የቀደሙትን ምዕራፎች መልሼ ሰማኋቸው። ለካ ኢንስፔክተሩ ልጅቷ ጋ በሄደ ቁጥር ማንዳዚ፣ የዚህን አገር ቦንቦሊኖ፣ ገዝቶላት ነው የሚሄደው፤ እኔው ጽፌው እኔው ልብ አላልኩትም። እንዲህ ያለ ሰው ትቷት አይሳፈርም። በአዲሱ መጨረሻ አውቶቡሱ ይሄዳል፤ እሱ አጠገቧ እንደተቀመጠ የገዛ ባልደረቦቹ መጥተው ያስሩታል።

«ደህና ሰው አሳሰርሽብን» አለችኝ ከታች ያለችው ሴትዮ ቅዳሜ ምዕራፉን ሰምታ።

ጋሼ ልጃቸውን ከአውሮፕላን ማረፊያ ይዘው ሲመጡ ደረጃው ላይ ተገናኘን፤ እሳቸው ሻንጣዋን፣ እሷ ኮፍያቸውን ይዛ። ሰላም ስላቸው ድምፄን ሰምታ ቆም አለች።

«ኢንስፔክተሩ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

እሑድ፣ ጥር ሃያ አራት ቀን ነበር።