ከሰማይ የታየው ቆርቆሮ

ሥራዬ ከሳተላይት በተነሣ ምስል ላይ በመካነ ሰላም ዙሪያ መሬቱ የሚሸረሸርበትንና የሚንሸራተትበትን ቦታ መፈለግ ነው። ክረምት ሲገባ፣ ምስሉ በጣም በሚያስፈልገኝ ጊዜ፣ ከደመና በቀር የሚታይ ነገር የለም። ደመናው ገለጥ ሲል ኔትወርኩ ይጠፋል፤ ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ መሀል እንደምንም አንድ ጥሩ ምስል አገኘሁ።

ከአምናው ጋር ሳስተያየው አንድ ተዳፋት ላይ አምና ያልነበረ ረጅም ስንጥቅ አየሁ። ከስንጥቁ በታች አንድ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። የአክስቴ ቤት ነው። ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ያሠራችው፣ ራሷ ግን ገብታ ያላየችው ቤት።

ምስሉን አሳትሜ፣ ቤቱንና ስንጥቁን በቀይ ከብቤ ወሰድኩላቸው። አክስቴ ወረቀቱን ተቀብለው ፊታቸው በራ።

«ይኸ የኛ ቤት ነው?»

«አዎ፣ ግን መሬቱ እየተሰነጠቀ ነው። እባክዎ ክረምቱን እኔ ዘንድ ይቆዩ።»

«ወላሂ ከሰማይም ይታያል! ለልጄ ላክላት እስቲ፣ ደስ ይበላት።»

እኔ እምቢ ስል በጎረቤት ስልክ አስነስተው ላኩት። ከጅዳ «ማሻአላህ» ይጎርፍ ጀመር። ቀዩ መስመር ቤቱ ጎልቶ እንዲታይ የተሠመረ መስሏቸው ነው። ደሜ ፈላ። ለአለቃዬ ብነግረው «ሪፖርቱ ላይ አስገባው» አለኝ። አስገባሁት፤ ያነበበው ያለ አይመስለኝም።

በመጨረሻ ለልጅቷ ራሴ ደወልኩላት፤ ሳላለዝብ ነገርኳት።

«ቤቱ ይፈርሳል ነው የምትለኝ?»

«መቼ እንደሆነ አላውቅም። መሬቱ ግን እየሄደ ነው።»

«እናቴን ዛሬውኑ አውጣልኝ» አለችኝ።

አክስቴ በልጃቸው ቃል ፍራሻቸውን አስጭነው እኔ ቤት ገቡ። አኩርፈውኛል፤ ሰላምታዬን እንኳ አይመልሱም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምስሌን አንድ ሰው በትክክል አነበበልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ ደወለች።

«አብሽር፣ ተስተካክሏል። ለአረፋ መምጣቴን ትቼ ኮንትራቴን አራዘምኩ። ሌላ ቤት መሠራት አለበት። አንተ የማይንሸራተት ቦታ ፈልግልኝ። ለእናቴ ግን እንዳትነግር።»

ስልኩን ስዘጋ አክስቴ በር ላይ ቆመዋል። ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ።

«እሷ ናት? ለአረፋ ትመጣለች አይደል?»

ክረምቱን ሙሉ የሚሰማኝ አጣሁ ብዬ ስጮህ የከረምኩት ሰውዬ፣ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣ አልሰማኋትም» አልኳቸው።