ስልጆ የገባበት የፋሲካ እንቁላል

በአሰላ ከተማ የተቀቀለ እንቁላል ለሁለት ሰንጥቆ፣ አስኳሉን አውጥቶ፣ በስልጆ ለውሶ መልሶ የሚሞላ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም። ከእኔ በኋላም እስካሁን አላየሁም። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከዱቄት ጆንያና ከቆርቆሮ ላይ ነው። ምግብ ማብሰልም ያስተማረኝ የለም። ይህን ሁሉ በራሴ ያገኘሁት ሰው ስለሆንኩ፣ ስናገር ድምፄ ከፍ ቢል አንባቢ አይገረም።

ለእርሻ ሥራ ከውጭ አገር የሚመጡ ሰዎች በሚያርፉበት የእንግዳ ማረፊያ በዘበኝነት ነበር የተቀጠርኩት። የወጥ ቤቱ መስኮት የሚከፈተው እኔ በምቆምበት በኩል ነው። ወጥ ቤት ሠራተኛው እንቁላል ሲሞላ በዚያ መስኮት አየሁ፤ ማየት ለእኔ መማር ነው። ሰውየው የሚጠቀመው በጠርሙስ የመጣ ቢጫ ስናፍጭ ነበር። አንድ ቀን እሱም ታመመ፣ ጠርሙሱም አለቀ፣ እንግዶቹም መጡ። እኔ ወደ ቤቴ ሮጥኩና ሚስቴ ለጾም ከሠራችው ስልጆ በብርጭቆ ቀድቼ ተመለስኩ።

ስልጆ ለማያውቅ ሰው፦ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ እንደ ገንፎ ይማሰላል፤ ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ስናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይገባበታል፤ ከዚያ በማሰሮ ተከድኖ ይቦካል። ይኮመጥጣል፣ አፍንጫንም ይመታል። እንግዶቹ ያን ቀን ዓይናቸው እያለቀሰ ሳህኑን ጨርሰው ሌላ ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ ዘበኛ አልሆንኩም።

አሠራሩን ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ አልደብቅም። እንቁላሉ ያበሻ ዶሮ ይሁን፤ ዛሬ የተጣለ ግን አይሁን፤ ትኩስ እንቁላል ቅርፊቱ ነጩን ይዞ ይነሣል። ውሃው እስኪፈላ በማንኪያ ቀስ እያልኩ አዞረዋለሁ፤ አስኳሉ መሀል ላይ የሚረጋው ያን ጊዜ ነው። የምሰነጥቀው በቢላዋ አይደለም፣ በስፌት ክር ነው። አስኳሉን በወንፊት አሳልፌ ስልጆ፣ ጥቂት ዘይት፣ እንደ ስናፍጭ ፍሬ የደቀቀ ቃሪያና ጨው እጨምርበታለሁ። ፌስታል ውስጥ ከትቼ ጥጉን በመቀስ ቆርጬ እጨምቀዋለሁ። ከላይ ሚጥሚጣ በሁለት ጣት። ይኸው ነው። ግን ሞክረው ያልቻሉ ብዙ ናቸው።

በቤታችን ይህ እንቁላል የፋሲካ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ሰው ሁሉ የስልጆውን ማሰሮ አጥቦ ይደፋል፤ ሁለት ወር ሙሉ የበላውን ሽታ ማን ይፈልጋል? እኔ ግን በተጋባን በመጀመሪያው ፋሲካ የማሰሮውን ግርጌ ጠርጌ እንቁላሉን ሞላሁት። ከቅዳሴ መልስ፣ ዶሮው ሳይቀርብ፣ ፊቷ አስቀመጥኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ የጾሙን ከፍስኩ ጋር አጋባኸው?»

«ተጋብተው ይኑሩ» አልኳት።

አማተበችና አንዱን በላች። «ጨው አንሶታል» አለች። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም፤ ሳህኑ ግን ባዶ ሆነ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ፋሲካ በቤታችን የሚገባው ማሰሮው ሲጠረግ ነው። እሷም በየዓመቱ እንከን አታጣም ነበር፤ አንዱን ዓመት ጨው፣ ሌላውን ዓመት ስናፍጭ፣ ሌላውን ዓመት ደግሞ የእኔው ወሬ ይበዛል። ከሮቤና ከጎበሳ ለሠርግ እየጠሩ ያስወስዱኝ የነበሩ ሰዎች ያመሰገኑኝን ያህል እሷ አንድ ቀን «ጥሩ ነው» አላለችኝም። ዘንድሮ ትል ይሆናል እያልኩ አረጀሁ።

መርሳት የጀመረችው መንገድ በመሳት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከተመላለሰችበት ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠፍታ አንድ ጋሪ ነጂ ይዟት መጣ። ቀጥሎ የሰው ስም፣ ቀጥሎ የልጃችን ስም። እኔን መቼ እንደረሳችኝ በትክክል አላውቅም። አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀብላት «እግዚአብሔር ይስጥዎት» አለችኝ። ያን ቀን የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ «አንተ» ብላኝ አታውቅም። ሰው እንዲያከብረኝ ዕድሜዬን ሙሉ ለፍቻለሁ፤ «እርስዎ» መባል እንደዚያ ይቆርጣል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ባለፈው ፋሲካ አስቀድሰን ተመለስን። ያን ዓመት ስልጆ የሠራ ሰው በቤቱ ስላልነበረ እንቁላሉ ቀርቶ ዶሮው ብቻ ቀረበ።

«ይሄ ለማን ነው?» አለች።

«ለእኛ ነዋ። ፋሲካ አይደል?»

«የምን ፋሲካ? ገና ሕማማት ነው» ብላ ሳህኑን በጣቷ ገፋችው።

ሕማማቱ አላበቃም። ሰኔ ገባ፣ የጭላሎ ተራራ ጭጋግ እስከ ደጃችን ወረደ፣ ሐምሌና ነሐሴ አለፉ፤ እሷ ትጾማለች። ከሽሮና ከጎመን ሌላ አትቀምስም። ያንንም ቢሆን ከቅዳሴ መውጫ በፊት አይሆንም ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ስልጆ ስትጠይቀኝ ራሴ ሠራሁላት፤ አንድ ጊዜ አስቤ፣ ሲሠራ ያየሁትን ሁሉ አስታውሼ። የእሷን ያህል ሆነ ብል ማጋነን አይሆንም። ስልጆውን ትወዳለች፤ ግን ሰው በስልጆ ብቻ አይኖርም። መቀነቷ ከወትሮው ሁለት ዙር ይበልጥ ይዞራት ጀመር። ሐኪም ቤት ስወስዳት ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ፦ «አባባ፣ እንቁላልና ወተት ካልቀመሱ ሰውነታቸው ከዚህ በላይ አይችልም።»

ልጃችን የተዳረችው በቆጂ ነው። መጥታ እናቷን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አባዬ፣ ሽሮው ውስጥ እንቁላል ልምታበት። አታውቅም።»

«ታውቃለች።»

«የእኔን ስም እንኳ አታውቅም እኮ።»

«ስምሽን ብትረሳ ምላሷን አልረሳችም» አልኳት። ደግሞም የሰው ጾም ተሰርቆ አይገደፍም፤ ይህንንም ነገርኳት። አልሰማችኝም።

ሚስቴ አንድ ጉርሻ ወስዳ ቆመች። ከአፏ አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ያዘችውና ሁለታችንን በየተራ አየችን። ያን ዓይነት አስተያየት ጠላት እንኳ አይየው። ከዚያ በኋላ ከእጃችን መቀበል ተወች። ራሷ ከሌማቱ ያነሣችውን ደረቅ እንጀራ ትቆርሳለች፤ ስልጆውን እንኳ አሽትታ ታስቀምጣለች። ልጄ ወደ ቤቷ እስክትመለስ ድረስ «ምን አደረግሁ» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ አልወቀስኳትም፤ ለእናቷ ብላ ያደረገችው ነው።

የንስሐ አባታችንን ጠራሁ። መጡ፣ አጠገቧ ተቀመጡ፣ «ልጄ፣ ለታመመ ጾም የለበትም። እኔ ፈትቼሻለሁ፤ ብዪ» አሏት።

«እሺ አባቴ» ብላ መስቀሉን ተሳለመች። ደስ አለኝ። በሩን እንዳለፉ ወደ እኔ ጠጋ አለችና «ምስኪን፣ ራሳቸው እንቁላል አምሯቸው ነው» አለችኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ ከግድግዳው ጥግ ቆሜ ቆየሁ።

ያኔ ነው ነገሩ የእኔ ሥራ መሆኑ የገባኝ። እንቁላል ማብላት ከፈለጉ እንግዲህ በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማን አለ? እንቁላል የምታመጣልን ከደጃችን ማዶ የምትኖር ሙስሊም ጎረቤት ናት። ቅርጫቷን ከበሩ አስቀምጣ «አካም ቡልተን ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? እማማ በሉ እንዴ?» ትለኛለች። «አልበሉም። ከእኔ እጅ ግን ይበላሉ» አልኳት። ሞላሁት። እንደዚያ ያማረ እንቁላል በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ስልጆውን የምትወድ ስለሆነ ስልጆው ያበላታል ብዬ ሳህኑን ፊቷ አደረግሁ።

አሸተተችው። «ስልጆ» አለች፣ ፊቷም ፈካ። ቀጥላ ነጩን አየች። «እርስዎ ሽማግሌ ሰው ነዎት» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ስልጆ በሚበላበት ወራት እንቁላል ያቀርባሉ?»

ያቺን ሌሊት ሙሉ ተናድጄ አደርኩ፤ በእሷ ሳይሆን በራሴ እጅ። ለሷ ጾሙ ቀን አይደለም፣ ሽታ ነው። ስልጆ እስከሸተተ ድረስ ጾም ነው። ስልጆውን ትቼ እንቁላሉን ብቻ ባቀርብም አይሆንም፤ ጾም መሆኑን ታውቃለቻ።

ሰው ፋሲካ መሆኑን የሚያውቀው በነገሩት አይደለም። እኔ ራሴ እንዴት ነበር የማውቀው ብዬ አሰብኩ። እግሬ በሚረግጠው ቀጤማ፣ ግንባር ላይ በሚታሰረው ቀጤማ፣ በነጩ ልብስ፣ ከበሩ በሚሰማው ሰላምታ። በቤታችን ደግሞ በማሰሮው። እንግዲህ ፋሲካ አልመጣ ካላት እኔ አመጣላታለሁ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ያገሬ ሰው፤ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በዚህ ወር እሷ ባዶ ሆዷን ትጾማለች። እሑድ ጠዋት ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ወርጄ ቀጤማ አጨድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሸክሙን ይዤ ዳገቱን አንድ ጊዜ ሳላርፍ ወጣሁ። እንቁላል ሻጯ ከደጇ ሆና አየችኝ።

«ጋሼ፣ የእናንተ ፋሲካ በጥቅምት ሆነ?»

«የእኔ ቤት ፋሲካ እኔ ባልኩት ቀን ነው» አልኳት።

መሳቅ ጀምራ ፊቴን አየችና ተወች። ቀጤማው በር ላይ እንዳይበተን ጫፉን ይዛ አስገባችልኝ።

ውሸት ነው ወይ ብዬ አላሰብኩም አልልም። ግን ክርስቶስ እንደ ተነሣ ነው፤ በጥቅምትም ተነሥቷል።

ወለሉን ቀጤማ አለበስኩት። የሠርግ ቀን የለበስኩትን ነጭ ልብስ ለበስኩ፤ አሁንም ልኬ ነው። በግንባሬ ቀጤማ አሰርኩ። የስልጆውን ማሰሮ እሷ እየሰማች በእንጨት ማንኪያ ጠረግሁት፣ ድምፁ እስኪያስተጋባ። ሞላሁ፣ ሳህኑን ይዤ ከውጭ ዞሬ በበሩ ገባሁ።

«ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አልኩ።

ዓይኗ ከወለሉ ወደ ግንባሬ፣ ከግንባሬ ወደ ወለሉ ሄደ። ደገምኩት፤ ሁለተኛው ላይ ድምፄ እንደመጀመሪያው አልነበረም።

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» አለች።

«አሠሮ ለሰይጣን።»

«አግዐዞ ለአዳም።»

«ሰላም።»

«እምይእዜሰ።»

«ኮነ።»

«ፍሥሐ ወሰላም» ብላ ጨረሰች። የወለደቻትን ልጅ ስም የረሳች ሴት ከዚያ አንድ ፊደል አልጎደለባትም። አየሩን ሳበች። «ማሰሮውን ጠረጋችሁት እንዴ?»

«ጠረግነው።»

አማተበችና አንዱን አነሣች። አኘከች። ስናፍጩ አፍንጫዋን ሲመታት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዋጠችው። እኔ ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

«ስናፍጩ በዝቷል» አለች።

ተመለሰች አልኩ በልቤ። ተመለሰች። «ድሮም እንዲህ ነው የምትይኝ» አልኳት።

በትሕትና አየችኝ። «ለእርስዎ? እኔ እርስዎን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ይቀመጡ እንጂ፣ ቆመው ቀሩ።»

ተቀመጥኩ። ሁለተኛውን በላች፣ ሦስተኛውንም። ቀስ እያለች፣ ጾመኛ እንደሚገድፈው አድርጋ። ጉንጯ ላይ ቀለም የመጣ መሰለኝ።

«ይህን የት ተማሩት?» አለችኝ።

«በራሴ።»

«ባሌም በራሱ ነው የተማረው» አለች። «የእርስዎም ደህና ነው፤ አይከፋዎት። የእሱን ግን ማንም አይደርስበትም። ከአሰላ እስከ በቆጂ ቢፈለግ እንደሱ አድርጎ የሚሠራ የለም። ፋሲካ የሚናፍቀኝ ለዶሮው መስሎት ነው እሱ፤ እኔ ለዚህ እንቁላል ነበር ሁለት ወሩን የምቆጥረው።»

ሳህኑን ወደ እሷ ጠጋ አደረግሁት።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እንዳይነግሩት ታዲያ። እንዲያውም አንገቱ ወደ ላይ ነው፤ ይህን ከሰማ በበሩም አይገባ።»

«አልነግረውም» አልኳት።

ሳህኑ ላይ የቀረውን አንዱን እንቁላል አስተካክላ በስኒ ማስቀመጫ ከደነችውና ወደ ራሷ ሳበችው። «ይሄ የሱ ነው። እንዳይነኩት።»

«የት ሄዶ ነው?»

«ሥራ ላይ ነው። እንግዳ በዝቶበት ይሆናል። በፋሲካ ቀን ሳይመጣ አይቀርም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ ፋሲካ ነው፤ ትበላለች፣ ለሱም ታስቀራለች። ያን የመጀመሪያውን ቀን ግን እስኪመሽ ድረስ ዓይኗን ከበሩ አላነሣችም። እኔም ቀጤማውን ከግንባሬ ሳልፈታ አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት በሩን አይ ነበር።