የሙታኑ አስተርጓሚ

እንየው ንፋስ መውጫ ውስጥ የአንድ ቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ ነበር። አስተርጓሚ ይባል እንጂ እንግሊዝኛው የዐሥረኛ ክፍል ነው፤ ያልገባውን ከሆዱ ይሞላዋል። ሰዉም ከፊልሙ ይልቅ የእሱን አፍ ሊሰማ ይመጣ ነበር።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ተማሪ ሳለ፣ ከጓደኛው ከአበጀ ጋር ታስሯል። አንድ ማለዳ ጠባቂዎቹ አበጀን ጠርተው ወሰዱት፤ ወዲያው ከእስር ቤቱ አጥር ጀርባ ተኩስ ተሰማ። እንየው ሲፈታ የአበጀ እናት፣ እማማ ይታይሽ፣ በር ላይ ጠብቀው "ልጄስ?" አሉት።

"ወደ ጎንደር አዛውረውታል" አላቸው።

ጠባቂዎቹ እንዲህ በል ብለውት ነው። ኋላ ግን የሚያስፈራራው ሳይኖር፣ ዛሬ ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል ዐሥር ዓመት አለፈ። እሳቸው በየዓመቱ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ጎንደር ይሄዳሉ፤ "እዚህ የለም" ይባላሉ፤ ስንቁን ለሌላ እስረኛ ሰጥተው ይመለሳሉ።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ቪዲዮ ቤቱ አዲስ ካሴት አመጣ። ወህኒ ቤት የተገደሉ እስረኞች ከመቃብር ተነሥተው ጠባቂዎቻቸውን በካራቴ የሚፈጁበት ፊልም ነው። ርካሽ ሥራ ነው፤ የሙታኑ ፊት ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ደሙ ቀለም መሆኑ ያስታውቃል። ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሙት አፈሩን ገፍቶ ብቅ ሲል ግን እንየውን አፉ አመለጠው፦

"አበጀ! በርታ አበጀ! ከአጥሩ ጀርባ የጣሉህን አሳያቸው!"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዝናብ ሽሽት በሩ ሥር የተጠለሉት እማማ ይታይሽ የሽንኩርት ቅርጫታቸውን ጥለው ገቡ።

"የማን አበጀ ነው?"

"እማማ፣ ፊልም እኮ ነው" አላቸው አንዱ።

"አንተን አልጠየቅሁም። እንየው፣ የማን አበጀ?"

እንየው ዐይናቸውን ማየት አልቻለም።

"የእርስዎ። ያኔውኑ፣ በዚያው ማለዳ ነው የገደሉት።"

አልጮኹም። ነጠላቸውን ቀስ ብለው አዘቀዘቁ።

"እነሱስ ጠላት ናቸው" አሉ። "አንተ ግን ከልጄ ጋር ካንድ ገበታ በልተሃል።"

ቪዲዮ ቤቱ በሳምንቱ ታሸገ፤ እንየው ለዚያች ንግግሩ አምስት ወር ታሰረ። ሲወጣ የአበጀ ተዝካር፣ አስከሬን የሌለው ተዝካር፣ ወጥቶ አልቋል። ወደ እማማ ይታይሽ ደጅ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"አልረግምህም" አሉት፤ "እናትህ ጎረቤቴ ናት። ደጄን ግን አትርገጥ።"

በሩን ዘጉት። እንየው ከዚያ ወዲያ ገበያ የሚወጣው በደጃቸው ላለማለፍ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዞሮ ሆነ።