ጥላውን አጥፊው

የጋለ ኮምፒውተር የአቧራ ሽታ ወደ ልጅነት ቤታችሁ መልሷችሁ ያውቃል? እኔን ዛሬ ከማስተምርበት ክፍል ወደ ሆሳዕና መለሰኝ። ታላቅ ወንድሜ ታምራት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ነው፤ ሚኒባሱ እስኪመጣ አንድ የኳስ ጌም ቀርቶናል። ጌሙ ግን ይንቀራፈፋል። የምስሉን ጥራት፣ ሬዞሉሽኑን፣ ልቀንስ ስል እጄን ያዘኝ።

«ተይ አንቺ፣ ተጫዋቾቹ ፊታቸው ይደበዝዛል! ጥላውንና ሣሩን አጥፊው።»

«ሁሉም ይኑር!»

«ይቺ አሮጊት ሁሉንም አትችልም። አንዱን መተው ነው» አለ፣ ግቢው ውስጥ የሽኝት ጸሎት የጀመሩትን ቤተሰቦቻችንን እያየ። ስለ ኮምፒውተሯ ያወራ መስሎኝ ነበር።

አጠፋሁት። ኳሷ ሮጠች፤ አሸነፈኝ፤ ሄደ። አላለቀስኩም። ሣር የሌለውን ሜዳ እያየሁ ተቀመጥኩ።

የእናንተም ጌም ሲንቀራፈፍ ሬዞሉሽኑን ሳትነኩ መጀመሪያ ጥላውን አጥፍታችሁ ሞክሩት። ፊታቸው አይደበዝዝም።