ካሻው ውስጥ

ዛሬ አል-ሳሃፋ ሰፈር አንዱ ቢስክሌቱን እየገፋ ባጠገቤ ሲያልፍ የኋላ ጎማው ቋ ቋ አለ። ጎማው የሚዞርበት ሞዞ ላልቷል። ይህን ድምፅ ስሰማ የአባቴ ቢስክሌት ትዝ ይለኛል።

ያኔ በዚሁ የስደት ከተማ ሳጃና ሰፈር ነበርን፣ ትምህርት ቤት እንኳ አልገባሁም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ሳታንኳኳ ገብታ አባቴን፣ «ካሻ ቡሪ ደርሷል፤ ሐበሻውን እያፈሰ ነው!» አለችው።

እናቴ ቡሪ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፣ የመኖሪያ ወረቀት የላትም፣ ስልኳም አይነሳም።

አባቴ ቢስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን ግራና ቀኝ ነቀነቀው። «በዚህ ብሄድ መንገድ ላይ ይጥለኛል» አለ። ብሎኑን ፈታ፣ ግራሶ በጣቱ ጠቀጠቀበት፣ አጠበቀው። ጎማው አልዞር አለ።

«ወላሂ፣ ሲላላ ይወላገዳል፣ ሲጠብቅ ይታነቃል!» ብሎ ብሎኑን ጥቂት መልሶ አላላው። አሁን ያለ ድምፅ ዞረ።

እኔ የማውቀው ካሻ ጆንያ ነው። ፖሊስ ሰው የሚለቅምበት አፈሳ በዐረብኛ ካሻ እንደሚባል ማን ነግሮኝ?

«አባዬ፣ ካሻው ውስጥ ስንት ሰው ይገባል?»

እትዬ ዘሀራ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። «ሁላችንም እንገባለን» አለኝና «ያላ፣ በሩን ቆልፉ» ብሎ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ መጣች፤ አሠሪዋ በመኪና ደብቃ አድርሳታለች።

«አባትሽስ?»

«አንቺን ሊያመጣ ሄደ።»

ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቴን መንገድ ላይ አፍሰው ወደ ድንበር ጭነውታል አሉን፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ።

ሰው፣ አባትሽ ጎበዝ ሠራተኛ ነበር ይለኛል። ነበር። ያን ቀን ጎማው እንቢ ቢለው ኖሮ ግን አባት ይኖረኝ ነበር።