ታጥባ ታጥባ የባሰባት ልጄ

መጀመሪያ ጉንጯ ላይ ነበር የወጣው። ቀይ፣ ሻካራ፣ አዝራር የሚያክል። ሶስና ያኔ የአምስት ወር ልጅ ነበረች። «ሙቀት ነው» ብዬ ተውኩት፤ ጅቡቲ ውስጥ ሙቀት ያልነካው ማን አለ?

ከዚያ ወደ ክርኗና ወደ ጉልበቷ እጥፋት ወረደ። ታካለች። ትደማለች። ታለቅሳለች። እኔም አብሬያት።

የምሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ ነጭ ነገር ነጭ ካልሆነልኝ እረፍት የለኝም። እናም እልህ ተያያዝኩ። በቀን ሦስቴ በሳሙና አሸኋት፣ ውኃዋ ላይ ዴቶል ጨመርኩ፣ ልብሷንና አንሶላዋን እዚህ ጃቬል በምንለው በረኪና ዘፈዘፍኩ። መቼም በሰፈራችን በካርቲየ 3 የእሷን ያህል የታጠበ ሕፃን አልነበረም። ባሰባት።

አንድ ቀን አባቷ ዳንኤል አንገቱን ደፍቶ፣ «ይሄ አየር አልተስማማትም። ሐረር እናቴ ዘንድ ትደግ» አለኝ። ጡት ያልጣለች ልጄን ልሰጥ ነው? ግን ዓይኔ እያየ ከምትደማ ብዬ እሺ አልኩ።

ለመንገድ የሚሆን መድኃኒት እንዲሰጡን ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ ሶስናን አገላብጣ አየቻት። ቀጥሎ የእኔን እጅ ያዘችና አሸተተችው።

«ማዳም፣ ልጅቷን በምንድን ነው የሚያጥቧት?»

በኩራት ዘረዘርኩላት።

«አቶፒክ ኤክዜማ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው» አለች። «አባቷ አስም አለበት ብላችኋል፤ ሁለቱ በዘር አብረው ይሄዳሉ። ቆዳዋ ከተፈጥሮው ስስ ነው። ጨዋማው የቧንቧ ውኃ፣ አቧራውና ላቡ ይቆጠቁጧታል። ዴቶሉና ጃቬሉ ደግሞ የቀረውን ቅባት ገፈፉት። አገር ከመቀየራችሁ በፊት ሳሙናውን ቀይሩ።»

አፈርኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ።

ትእዛዟ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ ልማዴን መተው ነው። በቀን አንዴ ብቻ፣ ለብ ባለ ውኃ፣ ሽታ በሌለው ማጠቢያ ለአምስት ደቂቃ አጥባታለሁ፤ ሰውነቷ ጨርሶ ሳይደርቅ ወፍራም ቅባት እቀባታለሁ፤ ቀዩ ቦታ ላይ ደግሞ ኮርቲዞን ያለበትን የሚቀባ መድኃኒት፣ ሐኪሟ ባለችው ቀን ልክ። ልብሷ ጥጥ ብቻ ሆነ፣ ደጋግሞ ይለቀለቃል፤ እኔም ከሥራ ስገባ ልብሴን ሳልቀይርና እጄን ሳልታጠብ አላቅፋትም። በሁለተኛው ሳምንት ማከኳ ቀነሰ፤ በወሩ የክርኗ ቁስል ደረቀና ዳንኤል ሐረር ደውሎ፣ «እማዬ፣ ልጅቷ እዚሁ ትቆይ» አለ። ስልኩን ነጥቄ እልል አልኩ።

አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። ኸምሲን የሚባለው ትኩስ የበጋ ነፋስ አቧራውን ሲያመጣ ሕመሙ አልፎ አልፎ ይነሳባታል፤ ግን ስላወቅነው መስኮት እንዘጋለን፣ ቅባቱን እናበዛለን። ለዚያች ሐኪም ዕድሜ ይስጥልኝ። እናንተም እናቶች፣ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ልጃችሁን የሚነካውን ሁሉ፣ ሳሙናውንም ሽቶውንም ጭሱንም፣ ሳትደብቁ ለሐኪም ንገሩ። ኮርቲዞን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቆዳ ያሳሳልና ከጎረቤት አትዋሱ።

ዘንድሮ ሙቀቱ ሲበረታ ሶስና ሐረር አያቷን ልታይ ነው። ለሁለት ሳምንት። አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን።