አባባ የወረዱበት ምድር ቤት

ትናንት ልጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እማዬ፣ ምድር ቤቱን በትንሽ ወጪ አሳምረን ብናከራየውስ?» አለኝ። ዘጋሁበት። ምን አጠፋ ልጁ? ምንም። የዚያን ክፍል ነገር ነግሬው አላውቅም እኮ።

ላሊበላ ቤት የሚሠራው ተዳፋት ላይ ነው። የእኛም ላዩ መኖሪያ፣ ሥሩ ከኋላ ከአለቱ የተጣበቀ፣ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት የከብት ቤት ነበር። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አባታችን፣ አባባ የምንላቸው፣ እግራቸው ታሞ የድንጋዩን ደረጃ መውረድ አቃታቸው። ወንድሜ ሙላት አዝሎ ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸው ነበር። ያን የመሰለ ኩሩ ሰው! በልጅ ጀርባ መታየቱን አፈሩና ቀሩ። በኋላ «ምድር ቤቱን አብጁልኝና ለገና በገዛ እግሬ ልሂድ» አሉን። ሌላ ምኞት አልነበራቸውም።

ከብቶቹን አጎቴ ዘንድ ወስደን ኅዳር ላይ ጀመርን። ባለሙያ መቅጠሪያ የለንም፤ ሁሉም በእጃችን። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር ሙላት ወለሉን በዶማና በመሮ አጎደጎደው። እኔ ጭቃና ጭድ በእግሬ ስረግጥ እውላለሁ። የነቢያት ጾም ነውና ምሳችን የባቄላ ንፍሮ ነበር፤ በጭቃ እጃችን እየዘገንን እንስቅ ነበር።

ድንጋይ ሲጠርቡ ያረጁት ጎረቤታችን አያ ጌታው መጥተው አዩን። «ልጆቼ፣ ይህ አለት ውሃ ይጠጣል። መጀመሪያ ከቤቱ በላይ ቦይ ቆፍሩለት» አሉ።

ቦይ የአሥር ቀን ሥራ ነው። በእኛ አገር ደግሞ በበዓል መሬት አይነካም፤ ሚካኤሉ፣ ማርያሙ፣ ገብርኤሉ፣ ቅዳሜና እሑዱ ሲወጣለት ምን ቀን ይተርፋል? ሙላት በበዓል ልቆፍር ቢል አባባ ከላይ ሆነው «በበዓል የተቆፈረ ቤት አልገባም!» ብለው ጮሁ።

«እንግዲያ ወይ ቦዩ፣ ወይ ልስኑ» አለኝ ሙላት።

«ልስኑን እንጨርስ፤ ቦዩ ከገና በኋላ ይደርሳል።» ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ አፌ።

በገና ዋዜማ አባባ ነጭ ለብሰው በከዘራ ከበሩ ወጡ። ከጋሸና በመኪና፣ ከሙጃ በእግር የመጣው ምእመን መንገዱን ሞልቶታል። ሙላት ሊደግፋቸው ቢጠጋ በከዘራቸው አባረሩት። እልል አልሁ። ክፍሉም ደረቅ፣ ሞቅ ያለ፣ እንዴት ያምር ነበር!

ከገና ወዲያ ጥምቀት፣ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ ሁዳዴ፣ ከዚያ እርሻ። ዛሬ ነገ ሲባል ሐምሌ ገባ።

በየማለዳው ቁርስ ሳወርድላቸው «ክፍሉ እንዴት ነው አባባ?» እላለሁ። «ምን ይሆናል? ይደላል» ይላሉ። መኝታቸው ሁልጊዜ ተነጥፎ ይቆየኛል። ሳል ሲጀምራቸው «የክረምት ብርድ ነው» አሉኝ። አመንኋቸው፤ ማመኑ ስለተመቸኝ ነው። ነሐሴ ላይ ትኩሳት ጥሏቸው ላነሳቸው ስል ፍራሹን ገለጥሁት። ሥሩ ረጥቦ ሻግቷል። ከመደቡ ጀርባ ልስኑ ወድቆ ውሃ ይወርዳል፤ በቁርበት ሸፍነውታል።

«ምነው አባባ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርሽ መልሳችሁ ላይ ቤት ትሰቅሉኛላ» አሉ።

ጤና ጣቢያ ስናደርሳቸው ሳንባቸው ነው አሉን። ፍልሰታ ሳይፈታ ቀበርናቸው።

በሠልስታቸው ማግስት ሙላት ዶማውን አንስቶ ቦዩን መቆፈር ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ቀኑ በዓል ነበር፤ ማንም አልከለከለው።

ክፍሉ ዛሬ ደረቅ ነው። ለልጄም መልሼ መደወል አለብኝ። ሰው ሊያጽናናኝ «በገዛ እግራቸው ቤተ ክርስቲያን ስመው ነው የሞቱት፣ ምን ቀረባቸው?» ይለኛል። የንስሐ አባቴም «ይፍታሽ» ብለውኛል። አልተፈታሁም። በየማለዳው ቁርስ ይዤ እዚያ ቆሜ ነበር እኮ፤ ግድግዳው ከእኔ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። አንድ ቀን እንኳ እጄን ዘርግቼ አልነካሁትም።